ከፍ ያለው መደብ

የባሌ ወላጆች ቤት መደብ ከፍ ያለ ነበር። አገሩ ሁሉ መደብ አለው፤ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ በጭቃ የሚሠራ፣ ቁርበት የሚነጠፍበት፣ ቀን የሚቀመጡበት፣ ማታ የሚተኙበት። የሌላው ሰው መደብ ግን ከጉልበት በታች ነው። የእኛው ወደ ወገብ ይጠጋል። እንግዳ መጥቶ ሲቀመጥበት እግሩ መሬት ያጣና እንደ ሕፃን ያወዛውዘዋል። ጺማቸው የሸበተ የተከበሩ ሰዎች እዚያ ላይ ወጥተው እግራቸውን ሲያወዛውዙ እያየሁ በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ ስንት ጊዜ ስቄያለሁ። "ይህን ቤት የሠራው ሰው ምን ያህል ረጅም ነበር?" ብለው የሚጠይቁም ነበሩ።

ረጅም ሰው አልነበረም። መደቡን የሠሩት አማቴ፣ የባሌ እናት ናቸው፤ ቁመታቸው ከእኔ ትከሻ አያልፍም። የሠሩትም ለእኔ ነው። አሁን በእርጅናዬ ከተቀመጥኩበት ለመነሣት የልጅ ልጆቼን ስጣራ እሳቸው ትዝ ይሉኛል፤ ሳልጽፈው ብሞት ደግሞ የሚያስታውሰው የለም። አባቴ ቄስ ስለነበር ፊደል አስቆጥሮኛል፤ ለምን ይሆን ስል የኖርኩት ለዚህ ኖሯል።

በእኛ አገር ታላቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠ ሁሉ ብድግ ይላል። የተነሡት "ኖር!" ይላሉ፤ የገባው "በእግዜር!" ይላል፤ ስለ እግዜር ብላችሁ ተቀመጡ ማለቱ ነው። ከዚያ ሁሉም ተመልሶ ይቀመጣል። ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ሰው የሚመዘነው በዚህ ነው። ለታላቁ ያልተነሣ ሰው ምንም ሳይናገር ሰድቧል። አባቴ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም ነበር፤ ከሽንዲ ወጣ ብሎ በነበረው ቤታችን ውስጥ ልጅነቴን ያሳለፍኩት ግማሹን ተቀምጬ ግማሹን ብድግ ስል ነው።

ከዚያ ቤት ተድሬ የመጣሁት በቡሬና ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምንለው ከተማ መካከል ወዳለ መንደር ነው። ባሌን ሳላውቀው አግብቼ፣ ካወቅሁት በኋላ ወደድኩት፤ ይህን መጻፍ አያሳፍረኝም። ጠግቤ ሳላየው ግን ጣሊያን ቡሬ ገብቶ ምሽጉን ሠራ፤ ባሌም ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገባ። ቤቱ ውስጥ እኔ፣ አማቴና የባሌ አባት ቀረን።

የባሌ አባት ኩሩ ሰው ነበሩ። አንድ በቅሎ ነበረቻቸው፤ ከእሳቸው በቀር ማንም አይቀመጥባትም። ጣሊያን ቡሬ እስካለ ድረስ ከቡሬ ገበያ የመጣ ዕቃ ደጃፌን አይረግጥም ብለው ምለው ስለነበር ጨው እንኳ ከሩቅ ነበር የምናስመጣው። እኔ እሳቸውን ስፈራ ለጉድ ነበር። ሲገቡ ከምንጊዜውም በበለጠ ፍጥነት ብድግ እላለሁ።

በመጀመሪያ የከዱኝ ክንዶቼ ናቸው። አንድ ጠዋት ፀጉሬን ልፈታ ሁለት እጄን ወደ ራሴ ባነሣ፣ ደርሰው ወደቁ። እንደገና አነሣኋቸው፤ እንደገና ወደቁ። ሕመም የለው፣ ቁስል የለው። ድካም ነው ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ ምንጭ ወርጄ እንስራዬን አዝዬ ከተንበረከክሁበት ልነሣ ስል ጭኖቼ እምቢ አሉ። አብራኝ የነበረችው ጎረቤታችን ጎትታ አስነሣችኝ። የሚገርመው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዴ ከቆምኩ ደህና አድርጌ ዳገቱን ወጣሁ።

እንዲህ ያለ በሽታ ሰምቼ አላውቅም። ከቆምኩ እሄዳለሁ፤ ከተቀመጥኩ ግን ተቀምጬ ቀረሁ ማለት ነው። ይህን ለማን ልንገረው? እስከ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ከበርጩማ መነሣት አቃተኝ ቢል ማን ያምነዋል?

ፊቴ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። የዓይኔ ቆብ ወይን ጠጅ ቀለም ያዘ፤ የጣቶቼ አንጓ ቀልቶ ቆዳው ሻከረ። አማቴ አይተው ጊዜ አላጠፉም፤ "ምች ነው። በልተሽ ፀሐይ ላይ ወጥተሻል" አሉና ዳማከሴ ቀጥፈው፣ አሽተው፣ ፊቴንና አንገቴን ቀቡኝ። ለብዙ ቀን የዳማከሴ ሽታ እየሸተተኝ ኖርኩ። ቀለሙ ግን አልለቀቀም።

እኔ ድካሜን ለመደበቅ አንድ ዘዴ አመጣሁ፤ መቀመጥ ተውኩ። ቀን ቀን ምሰሶውን ተደግፌ ቆሜ እውላለሁ። ቆሜ ጥራጥሬ እለቅማለሁ፣ ቆሜ እበላለሁ። ሰው ሲገባ ቀድሜ ቆሜያለሁና "ኖር!" ማለት ብቻ ነው የሚቀረኝ። የባሌ አባት ይህን አይተው ልባቸው ቅቤ ጠጣ። "የቄስ ልጅ እንዲህ ናት፤ መቀመጥ የማታውቅ!" እያሉ ለመንደሩ ሁሉ አወሩልኝ። እሳቸው ያመሰግናሉ፤ እኔ ቆሜ አልቃለሁ። አማቴ ግን አንዳንዴ ሥራቸውን ትተው አተኩረው ያዩኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እግሬ ዝሎ ዝሎ አቃተኝ። ቤት ማንም ስላልነበረ መሬት ላይ ከተነጠፈው ቁርበት ላይ ቁጭ አልኩና እንዝርቴን ያዝኩ። መፍተል እንኳ አልቻልኩም፤ ክሩን ወደ ላይ ለመሳብ ክንድ ያስፈልጋል። ባዘቶውን ታቅፌ እንደተቀመጥኩ የባሌ አባት ከነፍስ አባታችን ጋር ገቡ።

ልነሣ ሞከርኩ። ከውጭ የታየ አይመስለኝም፤ ውስጤ ግን ተነሥቶ ነበር። ሰውነቴ ቁርበቱ ላይ ቀረ። እፍረቱ ቢገድለኝ ተቀምጬ "ኖር!" አልኩ። ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ ተቀምጦ ኖር ማለት ማላገጥ ነው።

የባሌ አባት "በእግዜር" አላሉም። አንዴ አዩኝና ዞረው ወጡ። የነፍስ አባታችንም አንገታቸውን ደፍተው ተከተሉ።

ነገር ሲመጣ ብቻውን አይመጣም። ያቺ ምንጭ ዳር ያነሣችኝ ጎረቤታችን፣ ክፉ ሴት እንኳ አልነበረችም፣ "ያቺ ሙሽራ ዓይኗን ትኳላለች፤ ባሏ ጫካ፣ ጣሊያን ቡሬ፣ ለማን ይሆን?" ብላ ኖሮ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሽማግሌው የባሌ አባት ጆሮ ደርሷል። የዓይኔ ቆብ ወይን ጠጅ ሆኗል፤ ከሩቅ ላየው ኩል ነው። ለአማቷ የማትነሣ፣ ባሏ በሌለበት የምትኳል ሙሽራ። እኔ ራሴ ሌላ ሰው ብሆን ኖሮ ያንን አምን ነበር።

ሽማግሌው ለአማቴ ሲናገሩ ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። "እኔን መናቋን ልተወው። ልጄ ዱር አድሮ እሷ ስትኳል ግን አላይም። እሑድ ሽማግሌ ይቀመጥና ወደ አባቷ ትመለስ።"

ወደ አባቴ መመለስ ማለት ባሌን ማጣት ነው፤ እሱም ጫካ ሆኖ ስለ እኔ የሚሰማው ወሬ ያ ነው። አባቴ፣ ስለ መነሣት ዕድሜ ልኩን ያስተማረኝ ሰው፣ ልጅህ ለአማቷ አልነሣ አለች ሊባል ነው። መንገዱም ቢሆን በቡሬ አጠገብ ያልፋል። ከበቅሎ ብወድቅ፣ ለመሸሸግ ብቀመጥ፣ የማልነሣ ሰው ነኝ። ጓዳው ውስጥ ቆሜ፣ ያው እንደልማዴ ቆሜ፣ አለቀስኩ።

በማግስቱ ሽማግሌው ከቤት ሲወጡ አማቴ መጡና በሩን ገርበብ አደረጉት።

"በይ ቁርበቱ ላይ ተቀመጭ" አሉኝ።

"እሜቴ፣ ይተዉኝ።"

"ተቀመጭ አልኩሽ።"

ተቀመጥኩ። መቀመጥ ከተባለ፤ ወደቅሁ ማለቱ ይቀላል።

"አሁን ተነሺ።"

"እሜቴ…"

"አልቆጣሽም። ልይሽ ነው።"

ወደ ጎን ተገለበጥኩ፣ በእጅና በጉልበቴ ቆምኩ፤ ከዚያ እጄን ጉልበቴ ላይ፣ ቀጥሎ ጭኔ ላይ፣ እየገፋሁ እየተደገፍኩ በገዛ ሰውነቴ ላይ እንደ መሰላል ወጣሁ። ስቆም ላብ በላብ ሆኜ ነበር። አማቴ አንድም ጊዜ እጃቸውን አልዘረጉልኝም፤ ዓይናቸውን ግን አልነቀሉም። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ውሃ ነክረው የዓይኔን ቆብ ደህና አድርገው አሹት። ነጠላውን ወደ ብርሃን ይዘው አገላበጡት፤ ነጭ እንደሆነ ቀርቷል።

"ኩል እንዲህ አይጣበቅም" አሉ። ቀጥለው፣ "ምን ሁነሽ ነው የደበቅሽኝ?"

"ምን ብዬ ልንገርዎ እሜቴ?"

"አልችልም ማለት አቃተሽ?"

"አዎ፣ አቃተኝ።"

ሌላ ሴት ብትሆን አቅፋ ታለቅስ ነበር። አማቴ ወጥተው አፈር ቆፈሩ። ጭድና ውሃ ጨምረው በእግራቸው ረግጠው አቦኩት፤ እየተሸከሙ አምጥተው መደቡ ላይ ደለደሉት፤ በመዳፋቸው እየመቱ አስተካከሉት። "ከዝቅታ መነሣት ካቃተሽ ከፍታ ላይ ትቀመጫለሽ" አሉ ወገባቸውን ይዘው። ሌላ ማብራሪያ አልሰጡም፤ ለእሳቸው ነገሩ ይኸው ነበር።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ጭቃው ገና አልደረቀም፤ ቁርበት ተነጥፎበት እኔ ላዩ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ቀሚሴ ከታች ርሷል። ሲገቡ እግሬን መሬት ላይ ተከልኩና ወደ ፊት ዘንበል ብዬ ተነሣሁ። ቀስ ብዬ ነው፤ ግን ተነሣሁ። "ኖር!" አልኩ። ሽማግሌዎቹ "በእግዜር" እያሉ ተቀመጡ። የባሌ አባት ግን ቃሉን አላሉም።

ነገር ከመጀመሩ በፊት አማቴ ከጓዳው በር ብቅ አሉ። ሴት እዚያ ሸንጎ ላይ ሳትጠየቅ አትናገርም፤ እሳቸው ተናገሩ። "አባቶቼ፣ ይቅርታችሁን። አፋችሁ ከመፍረዱ በፊት ዓይናችሁ ይየው።" በርጩማ አምጥተው ፊታቸው አስቀመጡልኝ። ተቀመጥኩ። "ተነሺ" አሉኝ። ሞከርኩ። እንደገና ሞከርኩ። ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ፣ ጭኖቼ ተንቀጠቀጡ፤ ከዚያች ዝቅ ካለች በርጩማ አንዲት ጣት ታህል አልተነሣሁም። ሰው ፊት እንዲህ መሆን ምን ያህል እንደሚያዋርድ የቀመሰው ያውቀዋል። አማቴ ርጥብ ነጠላቸውን አምጥተው በነፍስ አባታችን ፊት የዓይኔን ቆብ አሹና ጨርቁን ዘርግተው አሳዩዋቸው። ከዚያ በብብቴ ይዘው አስነሡኝና መደቡ ላይ መልሰው አስቀመጡኝ።

የባሌ አባት ብድግ አሉ፤ በትራቸውን ይዘው ወጡ። አልቆልኛል አልኩ። የነፍስ አባታችን እንኳ መስቀላቸውን ያሻሹ ነበር።

ከአጥሩ ውጭ፣ ገና ከሩቁ፣ ድምፃቸውን ሰማን። "በእግዜር! በእግዜር!"

ማንም ሳይነሣ በእግዜር እያሉ መጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ እኔ እግሬን መሬት ላይ ልተክል ስል፣ "በእግዜር አልኩሽ እኮ!" ብለው ቆጣ አሉ። ገብተው ተቀመጡና ለሚስታቸው፣ "ለሽማግሌዎቹ ጠላ ቅጅ እንጂ፤ ምን ያቆምሻል?" አሏቸው። የመጡበት ጉዳይ በዚሁ አለቀ። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣቸውም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ያ ሰው ከማሳም መጡ ከቤተ ክርስቲያን፣ አጥሩ ጋ ሲደርሱ ጮክ ብለው "በእግዜር!" ሳይሉ ገብተው አያውቁም። መንደሩ ሁሉ የለመደው ነገር ሆነ።

በሽታው ግን ገና ነበር። የነፍስ አባታችን ደግ ሰው ነበሩ፤ ያውቁት የነበረውን አዘዙልኝ፤ ጠበልና ስግደት። ጠበሉን ጠጣሁ። ስግደቱ ግን ጨረሰኝ። ቤተ ክርስቲያን ሰግጄ ግንባሬ መሬት እንደነካ ቀረሁ፤ ሕዝቡ ሲነሣ እኔ አልተነሣሁም። በመሻል ፋንታ ደከምኩ። አማቴ ሄደው ሲነግሯቸው የነፍስ አባታችን፣ "እንግዲያስ በልቧ ትስገድ። እኔ ለእሷ ግማሹን እሰግዳለሁ" አሉ። መስገዳቸውንም አውቃለሁ፤ ስለማያወሩት ነው የማምናቸው።

እኔ በደከምኩ ቁጥር መደቡ ከፍ አለ። አማቴ ማንንም አይጠይቁም፤ ስነሣ ያዩኛል፤ ካቃተኝ በማግስቱ ጭቃ ያቦካሉ። በድርብ ላይ ድርብ። የበሽታዬን ልክ ግድግዳው ላይ ማየት ይቻል ነበር። ከላይ ሆኜ እንዝርቴን ወደ ታች ስለቀው ክሩ በራሱ ስለሚረዝም ክንዴን ሳላነሣ መፍተል ቻልኩ። ይህን ያየሁ ቀን እንደ ልጅ ነው ደስ ያለኝ። ሥራ ፈትቼ እበላለሁ የሚለው ሐሳብ ከበሽታው ይልቅ ያሰቃየኝ ነበር።

ለፀሐዩም መላ ተገኘ። አማቴ ምች ነው ማለታቸውን እስከ መጨረሻው አልተውም፤ ስለዚህ ጠዋትና ማታ ካልሆነ ከቤት አያስወጡኝም። ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ግን የረፋድ ፀሐይ አለ። አንድ ቅዳሜ የባሌ አባት ቡሬ ሄደው ከአንድ ሙስሊም ነጋዴ ጥቁር ጃንጥላ ገዝተው መጡ። ከቡሬ! ከዚያ ገበያ ምንም አልገዛም ብለው የማሉት ሰው! አማቴ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ "ነጋዴው ጣሊያን አይደለም" አሉና ጃንጥላውን ወርውረውልኝ ወጡ። በገጠር ያን ጊዜ ጃንጥላ የሚይዘው ታቦት ያጀበ ካህን ወይም መኳንንት ነው። እኔ የገበሬ ሙሽራ በጃንጥላ ስሄድ ሰው እየቆመ ሲያየኝ ከማፈር ይልቅ ኮራሁ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ተጀነንኩ።

የከፋው መዋጥ ያቃተኝ ጊዜ ነው። ውሃ ስጠጣ በአፍንጫዬ ተመልሶ ይወጣል፤ እታነቃለሁ። ያን ጊዜ መሞቴ ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። አማቴ ውሃውን ትተው አጥሚት አወፍረው አበሰሉ። ቀጥ አድርገው አስቀምጠው፣ አገጬን ወደ ደረቴ ዝቅ አስደርገው፣ በእንጨት ማንኪያ ትንሽ ትንሽ ያጎርሱኝ ጀመር። አንዱን ሳልውጥ ሌላው አይመጣም። ሲያጎርሱኝ የራሳቸው አፍ አብሮ ይከፈት፣ አብሮም ይውጥ ነበር፤ ይህን ሳስታውስ ዛሬም እስቃለሁ፣ ወዲያውም ሆዴ ይባባል።

በዚያው ሰሞን አውሮፕላን መጣ። በእኛ በኩል አርበኛ አለ ተብሎ ኖሮ መንደሩ ወደ ገደሉ ሸሸ። እኔ መደቡ ላይ ተቀምጬ ሰው ሲሮጥ በበሩ አያለሁ። "እናንተ ሂዱ" አልኳቸው፤ ከልቤ ነው ያልኩት። የባሌ አባት ግን በቅሎዋን፣ ያችን ማንም የማይቀመጥባትን በቅሎ፣ እስከ ቤት ውስጥ ድረስ አስገብተው ከመደቡ ጎን አቆሟት። መደቡ ከፍ ያለ ስለነበር ከእሱ ወደ ኮርቻው ተሻገርኩ፤ እንደ እመቤት! እሳቸው ልጓሙን ይዘው በእግራቸው ቀደሙ፤ አማቴ ከኋላ በሁለት እጃቸው ወገቤን ደግፈው ተከተሉ። ገደሉ ሥር ቀኑን ዋልን። ቤታችን አልተነካም። ሽማግሌው ግን እኔን በበቅሏቸው አስቀምጠው ከገደሉ እስከ ቤት በእግራቸው ሲመለሱ ያየ ሰው ሁሉ ከዚያ በኋላ ስለ እኔ ክፉ አላወራም።

የበሽታውን ነገር የተረዳሁት ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው። በሌላ ጉዳይ ከተማ ሐኪም ዘንድ ሄጄ፣ ወጣቱ ሐኪም ክርኔ ላይ ከቆዳዬ በታች ያሉትን ጠጠር የመሰሉ ነገሮች ሲዳስሱ ምን እንደነበረ ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ብዙ ጠየቁኝ፤ ዓይኔን፣ አንጓዬን፣ አነሣሤን፣ አዋዋጤን። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ በእርግጠኝነት መናገር ባይቻልም፣ ጡንቻና ቆዳን የሚያቆጣ፣ ብዙ ሰው የማይዘው በሽታ ይመስላል አሉኝ። ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የገዛ ጡንቻውን ጠላት ነው ብሎ ይወጋዋል። ጭንና ትከሻን ይመርጣል፤ ለዚህ ነው ቆሜ መሄድ እየቻልኩ መነሣት ያቃተኝ።

"እንግዲያው ባንዳ ገብቶብኝ ነበር በሉኛ" አልኳቸው። ወረቀታቸውን ጥለው ሳቁ።

ዛሬ መድኃኒት አለው፤ ያን ጊዜ በዓለምም አልነበረም አሉ። የነበረው ዕረፍት ነው፣ ከፀሐይ መሸሸግ ነው፣ ምግቡን ማወፈር ነው፣ ሲሻል ደግሞ ቀስ እያሉ ጡንቻን ማለማመድ ነው። "ማን አዘዘልዎት?" አሉኝ። አማቴ ምች ነው ብለው ከፀሐይ እንዳስቀሩኝ፣ ቅቤና ዳማከሴም ያለ ልክ እንደቀቡኝ ነገርኳቸው። ሐኪሙ ምች እንዳልሆነ አስረዱኝ፤ ከፀሐይ ማስቀረታቸው ግን ደግ አደረጉ አሉ። "ብዙዎች አልተረፉም፤ ዕድለኛ ነዎት" አሉኝ። ዕድሉንስ መች አጣሁት።

መሻሉ እንደመታመሙ ነው የመጣው፤ ሳይናገር። አንድ ቀን ውሃ ጠጣሁና አልተመለሰም። ሌላ ቀን ፀጉሬን ራሴ ፈታሁ። አማቴ ይህን ሲያዩ መደቡን አላፈረሱም፤ ከእሱ ዝቅ ያለ ነገር እየፈለጉ ያስቀምጡኝ ጀመር። መጀመሪያ የተገለበጠ ሙቀጫ ላይ፣ ቆይቶ ኮርቻ ላይ፣ ቆይቶ በርጩማ ላይ። ካቃተኝ "ነገም ቀን ነው" ብለው ወደ መደቤ ይመልሱኛል። ይህን ሁሉ የምናደርገው ሽማግሌው በሌሉበት ነው፤ ለምን እንደሆነ አልተነጋገርንበትም። በርጩማው ላይ ስንደርስ ጣሊያን ወጣ፤ ባሌም ፀጉሩ እንደ አንበሳ ጎፈር ሆኖ መጣ። ቤት ገብቶ መደቡን ሲያይ "ከዙፋንሽ ውረጅና ሳሚኝ" አለኝ። ወረድኩና ሳምኩት። የሆነውን ሁሉ ጫካ ሆኖ ሰምቶ ኖሯል፤ የኩሉንም ወሬ። ስለ እሱ አንድም ቀን አልጠየቀኝም፤ አባቱ መልክተኛ ልከው እውነቱን ነግረውት ነበር።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ነበርኩ። መሬት ላይ የተነጠፈው ቁርበት ላይ፣ ያው የድሮው ቦታ፣ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። መቀመጤንም ልብ አላልኩትም። ከአጥሩ በኩል የለመድኩት ድምፅ መጣ፤ "በእግዜር!"

አንድ እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። ተነሣሁ። ሰፌዱን እንደያዝኩ ነበር።

የባሌ አባት በበሩ ጎንበስ ብለው ገቡ፤ ቀና ሲሉ ፊት ለፊት ቆሜ አገኙኝ። "ኖር አባባ" አልኩ። መደቡን አዩ፤ ባዶ ነው። ቁርበቱን አዩ፤ የተቀመጥኩበት ገና ጎድጉዶ ነበር፣ ምስሩም ዙሪያውን ፈሷል።

"በእግዜር" አሉ፤ በቀስታ። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ቃሉ በቦታው ተባለ።

ልቀመጥ ስል እጃቸውን አነሡ። "ቆይ አትቀመጭ" አሉኝ። "ቁሚ። እስቲ ልይሽ።"

እሳቸውም አልተቀመጡም። እንደዚያው ቆመን ሳለ አማቴ ከውጭ እንጨት ይዘው ገቡ። "ምን ሁናችሁ ነው ሁለታችሁም የተገተራችሁት?" አሉ። ከዚያ ቁርበቱን አዩት። እንጨቱን አስቀመጡና መደቡ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ከማውቃቸው ጀምሮ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። እግራቸው ከመሬት አይደርስም ነበር።